ዘላቂ፣ ቋሚ፣ ዘላለም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚሽከረከሩት በአንድ ቃልና በጎረቤቶቹ ዙሪያ ነው። ቃሉ «ዘላቂ» ነው። በዜና፣ በሪፖርት፣ በውል፣ በሠርግ ካርድ ላይ ሳይቀር ስለምናገኘው የምናውቀው ይመስለናል። ደብዳቤዎቹን ስናነብ ግን የሚቆይ ነገርን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ሰዎችን ምን ያህል እንደሚያደናግር አየን። አንዳንዱ መደናገር ደግሞ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራና የጤና ጉዳይም ይሆናል።

ጥያቄ። በመሥሪያ ቤታችን ሪፖርት ላይ «የውሃ ችግሩ ዘላቂ መፍትሔ ያስፈልገዋል» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «ዘላቂ»ን ሰርዘው «ቋሚ» አሉት። ሁለቱ አንድ አይደሉም? (ከሐዋሳ)

መልስ። አንድ አይደሉም። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የእርስዎ ቃል ይሻላል።

«ዘላቂ» የተገኘው «ዘለቀ» ከሚለው ግስ ነው። ግሱ ስለ ጊዜ ብቻ አይናገርም፤ ስለ ቦታም ይናገራል። እንግዳ ደጃፍ ላይ ሲያመነታ ባለቤቱ «ዝለቁ እንጂ!» ይላሉ፤ ከደጅ ወደ ውስጥ እለፉ ማለታቸው ነው። ዝናቡ ኮቱን ዘልቆ ሸሚዝ ያረጥባል። ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጥይት ግድግዳውን ዘልቆ ይወጣል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያልፍ ነገርና የሚታለፍ ነገር አለ፦ ኮት፣ ሥጋ፣ ግድግዳ። ወደ ጊዜ ስናመጣውም ያው ነው። «ስብሰባው እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ» ስንል ስብሰባው ሰዓታቱን ሰንጥቆ አለፈ ማለታችን ነው። ስለዚህ «ዘላቂ» ማለት ዝም ብሎ የሚቆይ ማለት አይደለም፤ በመሃል የሚገጥመውን አልፎ ወዲያ ማዶ የሚደርስ ማለት ነው።

«ቋሚ» ከ«ቆመ» ነው። የጭቃ ቤት ሲሠራ ቀጥ ብሎ መሬት ውስጥ የሚተከለው እንጨት ቋሚ ይባላል፤ በአግድም የሚታሰርበት ማገር ነው። የቃሉ ጠባይ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል፦ ቋሚ ነገር ከተተከለበት አይነቃነቅም። የምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ አባላቱ ይለዋወጣሉ፤ ኮሚቴው ግን ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ቋሚ ሲኖዶስ፣ ቋሚ አድራሻ፣ ቋሚ ንብረት የምንለውም በዚሁ ስሜት ነው።

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። የእጅ ፓምፕ የተተከለበት ጉድጓድ ቋሚ ነገር ነው፤ ማንም ነቅሎ አይወስደውም። ጎማው ሲበላ የሚቀይርለት ሰው፣ መለዋወጫ የሚገዛበት ገንዘብ ከሌለው ግን በሁለተኛው በጋ ይደርቃል። ቋሚ ሆኖ ዘላቂ ያልሆነ መፍትሔ ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ በየቀበሌው ቆሞ የሚታይ ነውና ልዩነቱን አቅልለን ማየት የለብንም።

ለራስዎም ለአለቃዎም የሚጠቅም ቀላል መፈተኛ አለ። ቅጽሉን ወደ ግሱ ይመልሱት። «መፍትሔው ይዘልቃል» ቢሉ ያስኬዳል። «መፍትሔው ይቆማል» ቢሉ ግን መፍትሔው ይቋረጣል ማለት ሆኖ ያርፈዋል፤ «ቆመ» ተተከለም ተቋረጠም ማለት ነውና።

አንድ ነገር ግን እንጨምር። «ዘላቂ መፍትሔ» ብሎ ማቆም በራሱ በቂ አይደለም። ቃሉ የሚታለፍ ነገር ስለሚፈልግ «እስከ የት?» የሚለውን ጥያቄ ይጠራል። «ቢያንስ አምስት በጋ የሚዘልቅ» ብለው ቢጽፉ አንባቢው የሚለካው ነገር ያገኛል፤ በጀት የሚመድበውም ሰው እንዲሁ። ስለ አነባበቡም፦ «ዘላቂ» ላይ «ላ» ላልቶ ነው የሚነበበው፤ እንደ «ሰባሪ»። «ቀጣይ» ላይ ግን «ጣ» ይጠብቃል።

ጥያቄ። ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። በሠርግ ካርድና በስጦታ ጽሑፍ ላይ «ያዝልቅላችሁ»፣ «ያዛልቅላችሁ» እና «ያዛልቃችሁ» የሚል ይመጣልናል። የቱን ልተወው፣ የቱን ላርመው? (ከደሴ)

መልስ። አንደኛውና ሦስተኛው ትክክል ናቸው። መካከለኛው የሁለቱ ቅይጥ ነው፤ ደንበኛው ከፈቀደ ያርሙት።

«ያዝልቅላችሁ» የመጣው «አዘለቀ» ከሚለው ነው፤ እንዲዘልቅ አደረገ ማለት ነው። የሚዘልቀው ትዳሩ ነው፤ «ላችሁ» ደግሞ ለማን እንደሚዘልቅ ይነግረናል። ስለዚህ «ትዳራችሁን ያዝልቅላችሁ» ሙሉ ነው። አዲስ ሥራ ለያዘ፣ ከጠበኛው ለታረቀ፣ መጠጥ ለተወ ሰውም «ያዝልቅልህ» ይባላል።

«ያዛልቃችሁ» ከ«አዛለቀ» ነው። እዚህ ላይ «ዛ» የምትለው ድምፅ ሁለት ወገን መኖሩን ታሳያለች፤ «ተጋደሉ»፣ «ተማከሩ» ላይ እንደምናየው። ሁለቱ አንድ ላይ እንዲዘልቁ ያድርግ ማለት ነው። በቃሉ የሚያዙት ባልና ሚስቱ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ከፊቱ «ትዳራችሁን» የሚል ከገባ ይበላሻል፤ ወይ «ትዳራችሁን ያዝልቅላችሁ» ወይ ባዶውን «ያዛልቃችሁ» ይሁን። ለአንድ ሰው ብቻ በሚጻፍ ካርድ ላይ «ያዛልቅህ» ያለ «ከእገሌ ጋር» አይቆምም።

ልዩነቱ በአሉታም ይሠራል። «ይህ ጠባይ ከሰው አያዛልቅህም» የሚለው ምክር ሁለት ወገን አለው፦ አንተና ሰው። «ይህ እህል እስከ ጥር አያዘልቀንም» የሚለው ግን የስንቅ ሒሳብ ነው። በሳምንት 10 ኪሎ ጤፍ የሚያስፈጭ ቤት መስከረም 1 ቀን አንድ ኩንታል ቢያስገባ፣ እህሉ 10 ሳምንት ይዘልቃል፤ ቤተሰቡን እስከ ኅዳር 10 ያዘልቀዋል። «ያዛልቀዋል» ቢባል ግን ጤፉ ቤተሰቡን ከማን ጋር ሊያስታርቅ ነው ብሎ አድማጩ ይጠይቃል።

ካርዱ ለልብስ ስጦታ ከሆነ «ያዝልቅልህ» አይመከርም። ለልብስ ምርቃቱ «በላይህ ይለቅ» ነው፤ ልብሱ አልቆ ሰውየው ይቆይ የሚል ምርቃት ነውና ዘላቂው ሰው ነው።

ጥያቄ። አንድ የግል ድርጅት ቀጠረኝ። ቋሚ ነህ ተብዬ ነበር፤ የተሰጠኝ ውል ላይ ግን «ላልተወሰነ ጊዜ» ይላል። በማንኛውም ቀን ሊያሰናብቱኝ ነው ማለት ነው? (ከአዳማ)

መልስ። አይደለም። ስጋትዎ ግን ከየት እንደመጣ ይገባናል፤ ሐረጉ በዕለት ንግግርና በሕግ ቋንቋ ሁለት የተለያየ ስሜት ይዞ ይኖራል።

«ትምህርት ቤቱ ላልተወሰነ ጊዜ ተዘግቷል» የሚል ማስታወቂያ ስናይ፣ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም ብለን እንሰጋለን። በሥራ ውል ላይ ግን ያልተወሰነው የማብቂያው ቀን ነው። ውሉ በራሱ የሚያልቅበት ቀን የለውም፤ ስለዚህ ሰዎች «ቋሚ» የሚሉት ቅጥር በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቋንቋ «ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ የሥራ ውል» ነው። እንዲያውም የአዋጁ አንቀጽ 9 የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል፤ በአንቀጽ 10 ተዘርዝረው የተለዩት ሁኔታዎች ሲቀሩ። ሊያሳስብዎ የሚገባው «ለተወሰነ ጊዜ» ወይም «ለተወሰነ ሥራ» የሚል ቢሆን ነበር። አንዲት «ላል» የምትል ቅጥያ ትርጉሙን ገልብጣዋለችና ውሉን ቀስ ብለው ያንብቡት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ያረጋግጡ። መጀመሪያ የሙከራ ጊዜውን ይመልከቱ፦ በጽሑፍ የተቀመጠ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀናትም መብለጥ አይችልም። «የሥራ ቀናት» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ የዕረፍት ቀን አይቆጠርምና በቀን መቁጠሪያ ሲታይ ከሁለት ወር ያልፋል። ቀጥሎ የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ይዩ። ማስጠንቀቂያ በሚያስፈልግበት ስንብት፣ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሦስት ወር ነው። ላልተወሰነ ጊዜ መቀጠር ማለት አለመሰናበት ማለት አይደለም፤ አሠሪው ሲያሰናብት ሕጉ ያወቀው ምክንያት ማቅረብ አለበት ማለት ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለው ቋንቋ ሌላ ነው። እዚያ ሕጉ ራሱ «በቋሚነት» እና «ጊዜያዊ ሠራተኛ» የሚሉትን ይጠቀማል። «ዘላቂ ሠራተኛ» የሚል ግን በየትኛውም ወገን የለም።

ጥያቄ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ «ቋሚ» ብዬ ያስተዋወቅኋቸው እናቶች ተመልሰው አልመጡም። «ዘላቂ» ልበለው? (ከሰሜን ሸዋ)

መልስ። ሁለቱንም አይበሉ፤ ዓመቱን ይናገሩ።

በቤተሰብ ምጣኔ ውስጥ «ቋሚ» ለአንድ ነገር የተያዘ ስም ነው፦ የሴቷን ወይም የወንዱን የዘር ቱቦ በቀዶ ሕክምና መዝጋት። ይህ ዳግመኛ ልጅ ላለመፈለግ የቆረጠ ሰው የሚመርጠው ነው። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ግን «የረጅም ጊዜ» ነው፤ እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ይሠራል። በማህፀን የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕም የረጅም ጊዜ ነው፤ እስከ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ሁለቱም በተፈለገ ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ ይወጣሉ፤ ከወጡም በኋላ ማርገዝ ይቻላል። «ቋሚ» የተባለች ወጣት እናት መውለድ የሚቀርባት መስሏት ብትሸሽ አይፈረድባትም።

«ዘላቂ» ደግሞ በሌላ በኩል ያሳስታል። ለቀዶ ሕክምናው ቢባል፣ «ይዘልቃል» እና «አይመለስም» አንድ ስላልሆኑ፣ ከጊዜ በኋላ የሚፈታ መስሎ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ አነጋገሩ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ «ይህኛው ሦስት ዓመት ይሠራል፤ ከዚያ በፊት ካሻሽ መጥተሽ ይወጣልሻል። ያኛው ግን አንዴ ከተሠራ አይመለስም።» የሚወጣበትን ወርና ዓመተ ምሕረትም በካርዷ ላይ ይጻፉላት።

ጥያቄ። «ዘላቂ» እና «ዘላለም» ከአንድ ሥር ናቸው? «ለዘላለም» ሲባልስ «ለ» ሁለት ጊዜ አልገባም? (ከጎንደር)

መልስ። በድምፅ ይመሳሰላሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። «ዘላቂ» ውስጥ ያለችው «ዘ» የግሱ የመጀመሪያ ፊደል ናት። «ዘላለም» ግን የግእዝ «ዘለዓለም» ነው፤ «ዘ» የሆነ፣ የሚሆን፤ «ለ» እስከ፤ «ዓለም»። ግእዙ «ዓለም» ሲል ይህን ምድር ብቻ አይደለም፤ ማብቂያ የሌለውን ዘመንም ነው፤ ጸሎት ሲያልቅ «ለዓለመ ዓለም አሜን» የምንለው በዚህ ስሜት ነው።

ትዝብትዎ ልክ ነው፤ በትውልዱ ካየነው «ለዘላለም» ውስጥ ሁለት «ለ» አለ። አማርኛ ግን ቃሉን እንዳለ ወስዶ አንድ ስም አድርጎታል፤ የውስጧ «ለ» ሥራዋን ካቆመች ቆይታለች። «ለዘላለም» ስሕተት አይደለም። «ዘለዓለም» እና «ዘላለም» ሁለቱም ይጻፋሉ፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ይምረጡ።

በትርጉም ግን አይተካኩም። ለዘላቂ ነገር «እስከ የት?» ይባላል፤ ለዘላለማዊ ነገር አይባልም። ስለዚህ «ዘላለማዊ የመንገድ ጥገና» የሚል ጽሑፍ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ሊሆን የማይችል ነው። «ዝንተ ዓለም»ም ከግእዝ የመጣ ነው፤ «ዝንቱ ዓለም»፣ ይህ ዓለም ማለት። ዛሬ «ዝንተ ዓለሙን እንዳማረረ ኖረ» ስንል የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ማለታችን ነው። «ዕድሜ ልክ» ደግሞ ልኩን በስሙ ይዟል። በወንጀል ሕጋችን ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው፤ ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ደግሞ ዕድሜ ልክ ይሆናል። ከሰውየው ዕድሜ አያልፍምና «የዘላለም እስራት» አይባልም።

ጥያቄ። የግሪን ካርድ ወረቀቴን ለቤተሰቤ ስተረጉም «ዘላቂ ነዋሪ» ብዬ ጻፍኩ። ካርዱ ግን 10 ዓመት ይላል። (ከሜሪላንድ)

መልስ። «ቋሚ ነዋሪ» ይበሉት፤ ኤምባሲውም ማኅበረሰቡም የሚያውቀው ይህንን ነው። 10 ዓመቱ የካርዱ ነው እንጂ የነዋሪነቱ አይደለም። ካርዱ ሲያልፍበት ይታደሳል፤ ነዋሪነትዎ በዚያ ምክንያት ብቻ አይቋረጥም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ካርዱ 2 ዓመት የሚል ከሆነ ነው። ያ «በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ቋሚ ነዋሪነት» ነው፤ በትዳር ያገኘ ሰው ካርዱ ከማለፉ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ቅጽ አይ-751 ማስገባት አለበት። ሲተረጉሙ «በሁኔታ ላይ የተመሠረተ» የሚለውን አይጣሉት።

ጥያቄ። «ዘወትር» እና «ሁልጊዜ» ልዩነት አላቸው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ። በአብዛኛው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሚደጋገምን እንጂ ሳይቋረጥ የሚቆይን አይደለም የሚገልጹት። «ዘወትር» ግን ስም ሆኖ ይያዛል፦ የዘወትር ጸሎት፣ የዘወትር ልብስ። የዘወትር ልብስ ከክት ልብስ ጋር ሲነጻጸር ትርጉሙ ይጠራል፤ አንዱ በየቀኑ የሚለበስ፣ ሌላው ለበዓል ተከትቶ የሚቀመጥ ነው። ቶሎ የሚያልቀው የዘወትሩ ነውና «ዘወትር» ከ«ዘላቂ» ምን ያህል እንደሚርቅ በዚህ ይታያል።

ጥያቄ። «ዘላቂ ልማት» ነው «ቀጣይነት ያለው ልማት»? «ዘላቂነት ያለው» የሚልም አያለሁ። (ከባሕር ዳር)

መልስ። በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቃቸው 17 ግቦች በአማርኛ «ዘላቂ የልማት ግቦች» ተብለው ጸንተዋል፤ እሱን ይያዙ። «ቀጣይ» ብቻውን ሲቆም «የሚመጣው» ማለት ስለሆነ («በቀጣይ ሳምንት» እንደምንለው) «ቀጣይ ልማት» የሚመጣው ልማት ይሆናል። «ዘላቂነት ያለው» ደግሞ ሁለት ቃል ፈጅቶ «ዘላቂ» ያለውን ብቻ ይላል። ስም ሲያስፈልግዎ «ዘለቄታ» አለ፦ «ሥራው ዘለቄታ የለውም»፣ «ለዘለቄታው አስቡበት»። «ዘላቄታ» ወይም «ዘለቂታ» ተብሎ አይጻፍ።

በነገራችን ላይ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቋንቋ መካነ መቃብርን «ዘላቂ ማረፊያ» ይለዋል። በሪፖርትዎ ስለ ተፈናቃዮች መኖሪያ ሲጽፉ «ዘላቂ መጠለያ» ማለት ይችላሉ፤ «ዘላቂ ማረፊያ» ብለው ግን እንዳይጽፉ።

ጥያቄ። «ዘላቂ»ን በቆየ መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጌ አጣሁት። የለም ማለት ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ። አለ፤ የተቀመጠው ግን በግሱ ሥር ነው። ነባር መዝገበ ቃላት ቃላትን የሚያሰፍሩት በመነሻ ግሳቸው ነው። «ዘላቂ»ን፣ «ዘለቄታ»ንና «አዛለቀ»ን «ዘለቀ» ሥር፣ «ቋሚ»ን «ቆመ» ሥር፣ «ነዋሪ»ን «ኖረ» ሥር ይፈልጉ። «ዘላለም»ን «ዘ» ላይ ካጡት «ዓለም» ላይ ይሂዱ፤ «ዘወትር»ንም እንዲሁ «ወ» ላይ። ሌላው የሚያሳስተው የፊደል ተራው ነው። አንዳንዶቹ የተደረደሩት በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ነው። በሀለሐመ «ዘ» ከመጽሐፉ መሃል አልፋ ትገኛለች፤ በአበገደ ግን መጀመሪያው አካባቢ፣ ከ«ወ» ቀጥላ ናት።